መስመሩን እዚያው ያለው ማሽን ይፈትሸው

በዚህ እትም የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከከተማዋ ዳር ናቸው። ገላን፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ቱሉ ዲምቱ። ጭንቀቱ ይመሳሰላል፦ ማሽኑ ሩቅ ነው፣ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል፣ «እስቲ ሄጄ ልየው» ያለ ሰው ደግሞ ቀኑን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ረዘም አድርጌ መልሼዋለሁ። የሌሎቹ መልስ ግማሹ እዚያ ውስጥ ስላለ እባካችሁ ሳትዘሉ አንብቡት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ዋና ቢሮው መገናኛ በሆነ የዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ነው፤ አይቲው እኔ ብቻ ነኝ። ገላን፣ ሰበታና ሱሉልታ መጋዘን አለን። እያንዳንዱ መጋዘን ውስጥ ሊኑክስ የተጫነበት ትንሽ ሰርቨር አለ፣ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገበው ግን ዋናው ቢሮ ባለው ዳታቤዝ ላይ ነው። ሠራተኞቹ በየቀኑ ማለት ይቻላል «ሲስተም የለም» ብለው ይደውላሉ። እኔ ከቢሮዬ ፒንግ (ማሽኑ ይመልስ እንደሆነ የሚጠይቅ ትእዛዝ) ሳደርግ ሁሉም ይመልሳል። አንሲብል የሚባለውን፣ ብዙ ማሽኖችን ከአንድ ቦታ የሚያዝ መሣሪያ ጭኜ ሦስቱንም ሰርቨር በአንድ ትእዛዝ ፒንግ ማድረግ ጀምሬያለሁ፤ «ፖንግ» ይልና አረንጓዴ ይሆናል። እነሱ አሁንም ሲስተም የለም ይላሉ። «እኔ ጋ ይሠራል» ስላቸው ደግሞ ይናደዳሉ። ማን ነው የተሳሳተው? — ከመገናኛ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማንም አልተሳሳተም። እነሱ የሚያወሩት ከገላን ወደ መገናኛ ስለሚመጣው መንገድ ነው። አንተ የምትፈትሸው ከመገናኛ ወደ ገላን የሚሄደውን ነው። ሽቦው አንድ ሊሆን ይችላል፣ የሚያልፍበት ነገር ግን ይለያያል። ፋየርዎል፣ ማለትም የኔትወርኩ ዘበኛ፣ በአንድ አቅጣጫ ከፍቶ በሌላው ይዘጋል። አንዱን ፖርት (ቁጥር ያለው የአንድ አገልግሎት በር) አሳልፎ ሌላውን ይከለክላል። ስለዚህ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም ለገላኑ ሰው ምንም አይጠቅመውም፣ የሚናደደውም ልክ ነው።

መጀመሪያ የአንሲብሉን ፒንግ ጉዳይ እናጥራ፣ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ስለሆነ። የተለመደውን ፒንግ ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ በ1983 እ.ኤ.አ. ነው የጻፈው። አይሲኤምፒ በሚባለው ፕሮቶኮል ትንሽ ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) ይልካል፣ መልስ ይጠብቃል፣ በቃ። የአንሲብሉ ሞጁል ስሙ ብቻ ነው ፒንግ፤ አይሲኤምፒ የሚባል ነገር አይነካም። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ በምስጢር መግቢያ መንገድ) ወደ ማሽኑ ይገባል፣ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ መኖሩንና መሥራቱን ያያል፣ «ፖንግ» ብሎ ይመልስልሃል። አረንጓዴው ሲመጣ ያወቅከው ይህን ያህል ነው፦ ከቢሮህ እስከ ሰርቨሩ 22 ቁጥር ፖርት ድረስ ያደርሳል፣ ቁልፍህ ይከፍታል፣ ፓይተን አለ። ስለ ዳታቤዙ ምንም አልነገረህም።

ደስ የሚለው፣ የሚያስፈልግህ መሣሪያ እጅህ ላይ ነው ያለው። በአንሲብል የምትሰጠው ትእዛዝ የሚፈጸመው ሩቅ ባለው ማሽን ላይ ነው፣ ያውም እዚያ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም ሳትጭን። ስለዚህ የገላኑን ሰርቨር «አለህ ወይ?» ብለህ አትጠይቀው። «አንተ ከቆምክበት ቦታ ዳታቤዙ ጋ ትደርሳለህ ወይ?» በለው። ለዚህ «ዌይት ፎር» የሚባል ሞጁል አለ። የዳታቤዙን አድራሻና ፖርት ትሰጠዋለህ፤ ማይኤስኪውኤል ከሆነ በተለምዶ 3306፣ ፖስትግሬስ ከሆነ 5432፣ የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ከሆነ 1433 ነው። ማሽኑ ራሱ ወደዚያ ፖርት ግንኙነት ለመክፈት ይሞክርና ውጤቱን ያመጣልሃል። አንድ ነገር ግን እንዳትረሳ፦ ጊዜ ካልወሰንክለት እስከ 300 ሰከንድ ነው የሚጠብቀው። 5 ሰከንድ አድርግለት። በ5 ሰከንድ ያልተከፈተ ፖርት ለዕቃ ተረካቢው እንደተዘጋ ነው የሚቆጠረው።

እንዲያም ሆኖ በአንድ ፖርት ብቻ አትቁም። ፕሌይቡኩን (የአንሲብልን የትእዛዝ ዝርዝር) ስትጽፍ ከቅርብ ወደ ሩቅ እንዲሄድ አድርገው። የገላኑ ሰርቨር መጀመሪያ አጠገቡ ያለውን ራውተር ይጥራ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ቀጥሎ ውጭ ያለ በቁጥር የሚታወቅ አድራሻ፣ ለምሳሌ የጉግልን 8.8.8.8 ወይም የክላውድፍሌርን 1.1.1.1 ይጥራ። ቀጥሎ በስም የሚጠራ አድራሻ ይፈልግ፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ እንዲፈተሽ። ቀጥሎ የዳታቤዙን ፖርት ይንካ። መጨረሻ ላይ ማንበብ ብቻ በተፈቀደለት ተጠቃሚ ስም ገብቶ ዳታቤዙን አንዲት ቀላል ጥያቄ ይጠይቅ፤ «1 መልስልኝ» ማለት ይበቃል።

ይህን ካደረግክ «ሲስተም የለም» የሚለው ስልክ ሲመጣ ወዴት መሄድ እንዳለብህ ታውቃለህ። ራውተሩ ካልመለሰ ችግሩ መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ነው፤ መብራት፣ ስዊች ወይም ኬብል። ራውተሩ መልሶ 8.8.8.8 ካልመለሰ የውጭው መስመር ነው። ቁጥሩ ሠርቶ ስሙ እምቢ ካለ ዲኤንኤስ ነው። ሁሉም ደህና ሆኖ ፖርቱ ብቻ ካልተከፈተ ወደ ራስህ ቢሮ ዙር፦ ፋየርዎሉን እይ፣ ዳታቤዙ መነሳቱን እይ። እዚህ ላይ ኔትካት በሚባለው ትንሽ መሣሪያ ከሞከርክ ይበልጥ ይገለጥልሃል። ወዲያው «ግንኙነቱ ተከልክሏል» ካለ ማሽኑ ጋ ደርሷል፣ ፖርቱ ላይ የሚሰማ ፕሮግራም ግን የለም፤ ወይም ፋየርዎሉ በግልጽ ከልክሎታል። ዝም ብሎ ቆይቶ ጊዜው ካለቀ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መሀል ላይ ፓኬቱን የሚጥል ነገር አለ። ፖርቱ ተከፍቶ ጥያቄው ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜም አለ። ለምሳሌ ዳታቤዙ ተጠቃሚውን ከአንድ የተወሰነ አይፒ ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ከነበረና የመጋዘኑ አይፒ ከተቀየረ፣ ፒንግም ፖርትም አረንጓዴ ሆነው ሥራው ይቆማል። ያቺን የመጨረሻ ጥያቄ የጨመርኩት ለዚህ ነው።

ስክሪፕት የምትጽፍ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። ሊኑክስ ላይ ፒንግ 20 ፓኬት ልኮ 19ኙ ቢጠፉና አንዱ ቢመለስ፣ በተለምዶ «ተሳክቷል» የሚለውን ቁጥር ማለትም 0ን ነው የሚመልሰው። ስክሪፕትህ ያን ቁጥር ብቻ የሚያይ ከሆነ መስመሩ ሊሞት ሲያጣጥር አንተ አረንጓዴ ታያለህ። ስለዚህ የጠፋውን መቶኛ አንብብ። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የባሰ አለ፦ ራውተሩ ወይም የራስህ ማሽን «መድረስ አልተቻለም» የሚል መልስ ሲሰጥ ፒንግ ያንን እንደ መልስ ይቆጥረውና «4 ልኬ 4 ተቀብያለሁ፣ ምንም አልጠፋም» ይልሃል። ከታች ያለውን ድምር አትመን፣ እያንዳንዱን መስመር አንብብ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንሲብል ከመገናኛ ተነስቶ ገላን ካልደረሰ ገላንን ምንም ሊጠይቀው አይችልም። «አንሪቸብል» ብሎ በቀይ ይጽፍልሃል፣ እሱም ማለት ደጁ ድረስ አልደረስኩም ማለት ነው። «ፌይልድ» ካለ ሌላ ነው፦ ገብቻለሁ፣ ያልከኝ ሥራ ግን አልተሳካም ማለት ነው። እነዚህን ሁለቱን አታምታታ። የሚያሳዝነው፣ በጣም ማወቅ የምትፈልግበት ሰዓት አንሪቸብል የሚልበት ሰዓት ነው። መስመሩ በተቋረጠበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ገላን ምን እየሆነ ነበር? ራውተሩ በርቶ ነበር? መብራት ነበር?

ለዚህ መፍትሔው ማሽኑ የራሱን ማስታወሻ እንዲይዝ ማድረግ ነው። አምስቱን ጥያቄዎች ትንሽ ስክሪፕት ውስጥ ጻፋቸው፣ በአንሲብል ለሦስቱም ሰርቨር አሰራጫቸው፣ በክሮን (በተወሰነ ሰዓት ሥራ የሚያስነሳ የሊኑክስ ፕሮግራም) በየደቂቃው ይሂዱ፣ ውጤቱ እዚያው ዲስክ ላይ ካለ ፋይል ይጻፍ። መስመሩ ሲመለስ አንሲብል ፋይሎቹን ይሰብስብልህ። የዳታ ፓኬጅ ያሳስበኝ ይሆናል ብለህ እንደሆነ ቀላል ሂሳብ ነው። የሊኑክስ ፒንግ አንዱ ፓኬት 84 ባይት ነው፣ ከነመልሱ 168። በደቂቃ 5 ብትልክ በቀን 1.2 ሜጋባይት ገደማ ነው። በሲም ካርድ ለሚሠራ መጋዘን እንኳ ችግር የለውም።

ከማስታወሻው ጋር ሦስት ነገር አብረህ አስጽፍ፦ ሰዓቱን፣ ማሽኑ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ ራውተሩ መመለስ አለመመለሱን። እነዚህ ሦስቱ ሲገጣጠሙ ብዙ ነገር ይናገራሉ። ከከተማ ወጣ ባሉ ቦታዎች ብዙ ጊዜ የማየው ነገር አለ። ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ የሚተካው ባትሪ) ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካል፣ ራውተሩና የፋይበሩ ሳጥን ግን ግድግዳው ሶኬት ላይ ይቀራሉ። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ አልጠፋም፣ ስክሪኑ ይበራል፣ ሠራተኛው መብራት መሄዱን ልብ ላይለው ይችላል፣ «ኔትወርክ ሄደ» ብሎ ይደውላል። ማስታወሻው ላይ የሚታየው ታዲያ፣ ማሽኑ ሳይጠፋ ራውተሩ ድንገት ዝም ይላል፣ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ውጭው ገና አይሠራም፣ ከዚያ ሁሉም ይነሳል። ይህን ቅርጽ ካየህ መስመር አቅራቢ ጋ አትደውል። የራውተሩን ሶኬት ወደ ዩፒኤሱ አዛውርና ለውጡን እይ። ራውተሩ የሚበላው ኃይል ከኮምፒውተሩ አንጻር ትንሽ ነው።

ሰዓቱ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የማዘርቦርዱ ባትሪ የሞተበት አሮጌ ኮምፒውተር መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱን ይረሳል። ኢንተርኔት ካላገኘ አያስተካክለውም፤ ስለዚህ ማስታወሻው ላይ የተጻፈው ሰዓት ልክ በምትፈልገው ቦታ ላይ የተሳሳተ ይሆናል። ያቺን ክብ ባትሪ ቀይራት፣ ዋጋዋ ትንሽ ነው። ሌላው፣ ክሮን የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲሠራ ከፈለግክ 2 ብለህ ነው የምትጽፈው። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የተሞላ ከሆነ ደግሞ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ 23 ይሆናል። የመጋዘን ኃላፊዋ «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተቋረጠ» ስትልህ ፋይሉ ላይ የምትፈልገው 9 ሰዓትን ነው፣ በዩቲሲ ከሆነ 6ን። የሰዓት ሰቁን ለሁሉም ማሽን «አፍሪካ አዲስ አበባ» ብለህ በአንሲብል አንድ ላይ አስተካክለውና ቢያንስ ከአንዱ ግራ መጋባት ተገላገል።

ሁለት አጫጭር ነገሮች ልጨምር። ሠራተኞቹ የሚሠሩት ሰርቨሩ ላይ አይደለም፣ በዋይፋይ ወይም በስዊች በተያያዘ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ነው ብዬ ልገምት። ሰርቨሩ ደህና ሆኖ እነሱ የሚይዙት ዋይፋይ ሊሞት ይችላል። ከእያንዳንዱ መጋዘን አንድ የሠራተኛ ኮምፒውተር ዝርዝርህ ውስጥ አስገባ። ለዊንዶውስ «ዊን ፒንግ» የሚባል የራሱ ሞጁል አለው፣ ግንኙነቱ በዊንአርኤም (የዊንዶውስ የርቀት መቆጣጠሪያ) በ5985 ወይም በ5986 ፖርት ይሆናል። አንሲብሉ ራሱ ግን በቀጥታ ከዊንዶውስ ላይ አይነሳም፤ የምትቆጣጠርበት ማሽን ሊኑክስ ይሁን ወይም የዊንዶውሱን የሊኑክስ ክፍል ተጠቀም። ሁለተኛው፣ 22 ቁጥር ፖርትን ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርገህ አትተወው። በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር) ውስጥ አሳልፈው፣ በይለፍ ቃል መግባትን ዝጋ፣ በቁልፍ ብቻ ይሁን። ለምርመራው የተለየ ተጠቃሚ ክፈትለት፣ ማስታወሻ ከመጻፍና ፒንግ ከማድረግ ያለፈ ሥልጣን አያስፈልገውም።

ቀጣዩ ስልክ ሲመጣ ደግሞ «እኔ ጋ ይሠራል» አትበላቸው። «የእናንተ ማሽን ከ3 ሰዓት ከ12 ጀምሮ ራውተሩን አላገኘውም፣ እባካችሁ የራውተሩ መብራት በርቷል ወይ?» በላቸው። ሰው ችግሩን እንዳየህለት ሲያውቅ አብሮህ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ሰበታ ባለ ፋብሪካ የሒሳብ ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ኮምፒውተርም የምነካካው እኔ ነኝ። ከዋናው ቢሮ ጋር በቪፒኤን እንገናኛለን። ፒንግ ሳደርግ አንድም አይጠፋም። ፕሮግራሙ ውስጥ እገባለሁ፣ ስም እፈልጋለሁ፣ ይመጣል። ትልቅ ሪፖርት ስከፍት ግን ይንጠለጠላል፣ አንዳንዴ እስከ ማታ ብጠብቀውም አይመጣም። ዋናው ቢሮ ያሉት «መስመራችሁ ደካማ ነው» ይላሉ። እውነት ነው? — ከሰበታ

መልስ፦ እህቴ፣ በጻፍሽው ምልክት ከሄድን መስመሩ ደካማ አይመስለኝም። ደካማ መስመር ፒንጉንም ይጥለዋል፣ ሪፖርቱም ቢዘገይ ቆይቶ ይመጣል። ትንሽ ነገር ሁሌ አልፎ ትልቅ ነገር ሁሌ የሚቀር ከሆነ የፓኬት መጠን ጉዳይ ነው መጀመሪያ መታየት ያለበት።

በተለመደው የኔትወርክ ገመድ ላይ የአንድ ፓኬት ጣሪያ 1500 ባይት ነው። ፒፒፒኦኢ በሚባለው መንገድ የሚገባ መስመር ከሆነ 1492 ይሆናል። ቪፒኤን ደግሞ የራሱን መጠቅለያ ስለሚጨምር ጣሪያው ይበልጥ ይወርዳል፤ ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤን ለምሳሌ ሲጫን 1420 ነው የሚይዘው። ከዚያ የሚበልጥ ፓኬት ሲመጣ «አሳንሰህ ላክ» የሚል የአይሲኤምፒ መልእክት ወደ ላኪው መመለስ አለበት። መሀል ላይ ያለ ፋየርዎል «አይሲኤምፒ አደገኛ ነው» ተብሎ ሁሉንም እንዲጥል ከተደረገ ላኪው ምንም አይሰማም። ትልቁን ፓኬት ደጋግሞ ይልካል፣ ደጋግሞ ይጠፋል፣ አንቺ ጋ የሚታየው የሚሽከረከረው ክብ ብቻ ነው። ያንቺ ፒንግ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ከሆነ የሚይዘው 32 ባይት ነው። በየትም ያልፋል።

እንዲህ ሞክሪው። ቪፒኤኑ ተያይዞ እያለ፣ ዊንዶውስ ላይ ፒንግ ብለሽ የዋናውን ሰርቨር አድራሻ ትጽፊና «ሰረዝ ኤፍ» ጨምሪ፣ እሱ ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ ያደርጋል። ከዚያ «ሰረዝ ኤል» ብለሽ 1472 ጻፊ። 1472 ላይ የ28 ባይት ራስጌ ሲጨመር ነው 1500 የሚሞላው። ካላለፈ ወደ 1400 ዝቅ አድርጊ፣ ካለፈ በመሀል ያለውን ሞክሪ፣ እስኪገኝ ድረስ። ያለፈው ትልቁ ቁጥር ላይ 28 ደምሪበት፤ የመስመርሽ እውነተኛ ጣሪያ እሱ ነው። ያን ቁጥር ለዋናው ቢሮ ባለሙያ ስጪው፣ የቪፒኤኑን ኤምቲዩ (የፓኬት ጣሪያ) ወደዚያ እንዲያወርደው ወይም ራውተሩ ላይ ኤምኤስኤስን (በአንድ ፓኬት የሚጫነውን የመረጃ መጠን) እንዲገድብ ጠይቂው። ሥራው ለሚያውቀው ሰው የደቂቃዎች ነው።

ከላይ ያለውን የመገናኛውን ወንድማችንን ስክሪፕት የምትቀዱ ሁሉ፣ እባካችሁ ከትንሹ ፒንግ ጎን አንድ ትልቅ ፒንግም አስገቡበት። ትንሹ አልፎ ትልቁ የቀረበትን ሰዓት ስታዩ ይህች ችግር ወዲያው ትጋለጣለች፤ አለዚያ ግን ለወራት «መስመሩ ደካማ ነው» እየተባለ ልትቀመጥ ትችላለች።

ጥያቄ፦ ለአዘጋጁ፣ እንደምን ከረሙ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን ለገጣፎ ላይ አነስተኛ የግል ትምህርት ቤት አለኝ። ኢንተርኔቱ በተለይ ከሰዓት በኋላ ይቆራረጥብናል። አቅራቢው ጋ ስንደውል «በእኛ በኩል ችግር አይታይም፣ የእናንተ ዋይፋይ ይሆናል» ነው መልሱ። ባለሙያ መቅጠር አልችልም። ምን ይዤ ላስረዳቸው? — ከለገጣፎ

መልስ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ። የሚያስፈልግዎ ሰዓትና ደቂቃ ያለበት መዝገብ ነው። በቃል «ይቆራረጣል» ማለት ቀላል ነው፣ በቃል መካድም እንዲሁ። መዝገብ ሲኖር ግን በሌላኛው ጫፍ ያለው ባለሙያም የራሱን መሣሪያ ከፍቶ ያንኑ ሰዓት ማየት ይችላል።

ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ካለ ይበቃል። ባትሪው ትንሽም ቢይዝ ጥሩ ነው፣ መብራት ሲሄድ መዝገቡ አይቋረጥም። ከራውተሩ ጋር በገመድ ይያያዝ። በዋይፋይ እንዳይሆን አደራ፤ በዋይፋይ ከተያያዘ «የእናንተ ዋይፋይ ነው» ያሉት ሰዎች መልስ አያጡም። ከዚያ «አፕታይም ኩማ» የሚባል ነጻ ፕሮግራም ይጫንበት። ከተማሪዎችዎ ወይም ከወላጆች አንድ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ሁለት ነገር እንዲከታተል ያድርጉት፦ አንደኛው የራስዎን ራውተር፣ ሁለተኛው ውጭ ያለ አድራሻ። ካልነኩት በየ60 ሰከንዱ ይፈትሻል፣ ግራፉንም ራሱ ይሥላል።

ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን ይዩዋቸው። ራውተሩ አረንጓዴ ሆኖ ውጭው በቀይ ከተቆረጠ ችግሩ ከግቢዎ ውጭ ነው፣ ግራፉን ፎቶ አንስተው ከነሰዓቱ ይስጧቸው። ሁለቱም አብረው ከተቆረጡ ግን ራውተሩ፣ ገመዱ ወይም መብራቱ ነው፣ እንዲህ ከሆነ አቅራቢው ላይ ጥፋት የለም። ሁለቱም ሳይቆረጡ የሚመለስበት ጊዜ ብቻ ከሰዓት በኋላ የሚያብጥ ከሆነ ደግሞ መስመሩ አልተቋረጠም፣ ተጨናንቋል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከለገጣፎ መሀል ከተማ ደርሶ ለመመለስ አንድ ሚሊሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ጠዋት የነበረው ቁጥር ከሰዓት ላይ ብዙ እጥፍ ከሆነ ያ ጊዜ ወረፋ ላይ የጠፋ ነው። ወረፋው በራስዎ ትምህርት ቤት ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ተማሪዎች ዋይፋዩን ይጠቀማሉ? በዚያ ሰዓት ለአንድ ቀን ዋይፋዩን አጥፍተው ግራፉን ይዩት።

የፋይበር መስመር ከሆነ ደግሞ ትንሹ ሳጥን ላይ «ሎስ» የምትል መብራት አለች። ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ካለች የብርሃኑ ምልክት ሳጥኑ ጋ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፤ ገመዱ ተቆርጧል፣ ታጥፏል ወይም ተነቅሏል። መንገድ እየተቆፈረ ባለበት አካባቢ ይህ ያጋጥማል። ለዘበኛዎ ወይም ለጸሐፊዎ ያሳዩዋቸውና ሲቋረጥ በስልክ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

መቋረጡን እቤትዎ ሆነው ማወቅ ከፈለጉ አፕታይም ኩማ በቴሌግራም መልእክት ይልካል። ችግሩ፣ ኢንተርኔቱ የተቋረጠበት ላፕቶፕ «ተቋርጧል» ብሎ መላክ አይችልም፣ መስመሩ ሲመለስ ነው የሚናገረው። ወዲያው ማወቅ ካስፈለገ ሌላኛው ፕሮግራም ከትምህርት ቤቱ ውጭ መሆን አለበት። ከትምህርት ቤቱ ያለው ላፕቶፕ በየ5 ደቂቃው «አለሁ» እያለ ይልክለታል፣ ዝም ካለ ውጭ ያለው ለእርስዎ ያሳውቃል። ይህን «ፑሽ» በሚባለው መንገድ ያደርጉታል። ለትምህርት ቤት ግን መዝገቡ ይበቃዎታል ብዬ አስባለሁ።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ቤት ያለው ኮምፒውተር ከሥራ ቦታ ሆኜ ፒንግ ሳደርገው አይመልስም። ከጎረቤት ክፍል ሆኜ በዚያው ዋይፋይ ስሞክርም አይመልስም። ግን በርቷል፣ ልጄ ፊልም እያየበት ነው። ምንድን ነው? — ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። በዚያው ዋይፋይ ያልመለሰው የዊንዶውስ ፋየርዎል ሳይነካ ሲተው ለፒንግ መልስ እንዳይሰጥ ስለሚያደርግ ሊሆን ይችላል። ፒንግ ያልመለሰ ማሽን ሞቷል ማለት አይደለም። በዚያው ዋይፋይ ላይ ሆነህ ፒንግ ካደረግክ በኋላ የኤአርፒን ሰንጠረዥ ክፈትና የኮምፒውተሩ አይፒ ከሃርድዌር አድራሻው ጋር ተጽፎ እንደሆነ እይ፤ ካለ ማሽኑ በርቷል፣ ሰምቶሃል፣ ፋየርዎሉ ነው ዝም ያሰኘው። የዋይፋዩ ራውተር መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይገናኙ የሚከለክል ምርጫ ካለውም አጥፋው።

ከሥራ ቦታ ያልመለሰው ግን ሌላ ነው። የራውተርህን ገጽ ከፍተህ የውጭ አይፒውን ተመልከት። በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ያለ ከሆነ አድራሻው ያንተ ብቻ አይደለም፣ ከብዙ ሰው ጋር በጋራ ነው ወደ ውጭ የምትወጣው። ከውጭ ሆኖ አንተን ነጥሎ መጥራት አይቻልም፣ ራውተርህ ላይ ፖርት ብትከፍትም ለውጥ የለውም። ግንኙነቱ ከቤት ወደ ውጭ መጀመር አለበት። ዋየርጋርድን ቤት ባለው ማሽን ላይ ጫን፣ ቋሚ የሕዝብ አይፒ ወዳለው ሌላ ማሽን እንዲያያዝ አድርገው፣ መስመሩ ክፍት እንዲቆይ በየ25 ሰከንዱ ምልክት እንዲልክ «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» የሚለው ላይ 25 ጻፍ። ከዚያ በኋላ ከሥራ ቦታህ በዚያ መስመር ውስጥ ስትጠራው ይሰማሃል፤ ፋየርዎሉ ላይ ለዚያ መስመር ብቻ ፒንግን ፍቀድለት።